ሁለት ሽቦ የሚያስማማ ሳጥን

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ኮሌጁ ሽኝት አደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ከዚያም የክፍላችን ኃላፊ ስለ እኔ ሊናገር ተነሣ። ወጣት ነው፤ ያከብረኛል። «ወይዘሮ ማርታ ላቦራቶሪያችንን ለረጅም ዘመን ያገለገሉ» ብሎ ጀመረና፣ ከዚያ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ሲደርስ ቃል አጠረው። «የሬዲዮ ባለሙያም ነበሩ» አለና ወደ ስጦታው አለፈ። አልተቀየምኩትም። ለባለቤቴም ቢሆን በቅጡ አስረድቼው አላውቅም። አሁን ጊዜ አለኝ፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ልሞክረው።

ጨንቻ የተወለድኩ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አርባ ምንጭ፣ በአንድ የጤና ፕሮጀክት የሬዲዮ ክፍል ነው። ያኔ ሞባይል የለም። በጋሞ ደጋ ላይ ተበትነው ያሉ ጤና ኬላዎች ከከተማው ጋር የሚገናኙት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየጠራናቸው፣ ምን መድኃኒት እንዳለቀባቸው፣ ማን እንደታመመ፣ መኪና ያስፈልግ እንደሆነ ይነግሩናል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃል፤ ለአንዲት ብቸኛ ሴት ምን ጎደለ።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሻንቆ ይባላሉ። ከጨንቻ ወዲያ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ የተወለዱ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። በሥራ ሰዓት የፕሮጀክቱን ሬዲዮ ይይዛሉ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ቤታቸው ሌላ ሬዲዮ ነበራቸው። አማተር ሬዲዮ ይባላል። ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠራ ነገር ነው፤ ሰው ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ይቀበልና፣ በገዛ መሣሪያው፣ አይቶት ከማያውቀው የዓለም ሰው ጋር ይነጋገራል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለሥራችን የሚያስፈልገንን ሁሉ ያስተማሯቸው ግን እነዚያ በሞገድ ላይ ያገኟቸው ወዳጆች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬዲዮ ብቻውን ምንም አይደለም። ድምፁን ወደ ሰማይ የሚያወጣው በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋው ሽቦ፣ አንቴናው ነው። ሬዲዮውና አንቴናው ደግሞ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። አንቴናው እንደ ርዝመቱ፣ እንደ ከፍታው፣ እንደ ዛፉ እርጥበት እንኳ ጠባዩ ይለዋወጣል። ካልተስማሙ የተላከው ኃይል ተመልሶ ሬዲዮውን ያቃጥላል። ስለዚህ በመካከላቸው የሚያስታርቅ ሳጥን ያስፈልጋል። ቲዩነር ይሉታል። ጋሽ ሻንቆ የሚሠሩት ሚዛናዊውን ዓይነት ነው። ከሳጥኑ ወደ አንቴናው እንደ መሰላል ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች አሉ። በአንዱ የሚሄደው በሌላው ይመለሳል። እኩል ከሆኑ በመንገድ ላይ አንዱ ሌላውን ዝም ያሰኘዋል፤ ምንም ሳይባክን ድምፁ የሚወጣው ከላይ፣ ከአንቴናው ብቻ ነው። እኩል ካልሆኑ ግን መስመሩ ራሱ መጮህ ይጀምራል፤ ኃይሉም ግድግዳና አጥር ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

የፋብሪካ ቲዩነር እንዲገዛ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ደጋግመው ጠይቀው ነበር። መልካም ሰው ነበሩ፤ የሚመጣው ግን «ይጠባበቁ» የሚል መልስ ነው። እኛ ስንጠባበቅ ጋሽ ሻንቆ ገበያ ወጥተው ከከተማው የሲቀላ ሰፈር አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች የሞተ ማቀዝቀዣ ገዙ። ከጀርባው ያለውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ፈትተው አጸዱት። ከዚያ በወፍራም የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ ላይ ጠመጠሙት። ሁለት ጥቅል፣ መንታ፤ ዙራቸው እኩል፣ ክፍተታቸው እኩል። ሲጠመጥሙ በጋሞኛ ይቆጥራሉ፤ «ኢሲኖ፣ ናምኡ…» እያሉ። በመካከል ሰው ካናገራቸው አይመልሱም። ካፓሲተሩን፣ ማለትም ሳይነካኩ እርስ በርስ የሚጠላለፉ ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉትን መዘውር፣ ከድሮ ትልልቅ ሬዲዮኖች ሆድ አወጡ። መዘውሩን የሚያዞረው እጅ እንዳይቃጠል በመካከሉ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ቆርጠው አስገቡ።

የማልረሳቸው ልማዶች ነበሯቸው። ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው በመሐረብ ይጠቀልላሉ። ኃይል ያለበትን ነገር ሲፈትሹ ግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሁለት እጅ የሚያስገባ ሰው ልቡን የኤሌክትሪክ መንገድ ያደርገዋል ይሉኝ ነበር። ማንኛውንም ነገር ከመንካታቸው በፊት ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሥራቸው ሲሳካም «ሠራሁት» ብለው አያውቁም። «ተስማሙ» ነው የሚሉት፤ እንደ ሽማግሌ።

የመጀመሪያዬን ሳጥን በእሳቸው ፊት የሞከርኩበት ከሰዓት በኋላ ከነሙቀቱ ትዝ ይለኛል። ከሳጥኑ በሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ፣ በእያንዳንዳቸው አጠገብ፣ ትንሽ የባትሪ አምፖል በቀለበት ሽቦ አንጠለጠሉ። አምፖሎቹ ከምንም ባትሪ ጋር አልተያያዙም። ማይክሮፎኑን ሰጡኝና ተናገሪ አሉኝ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ስሜን አልኩ። አምፖሎቹ በሩ። ዝም ስል ጠፉ። እንደገና ስናገር እንደገና በሩ፤ ከድምፄ ጋር ይተነፍሳሉ፣ «ማ» ስል ደመቅ፣ «ርታ» ስል ፈዘዝ። አንደኛው ግን ከሌላው ይደምቅ ነበር። ጋሽ ሻንቆ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ መዘውሩን እንዳዞር በእጃቸው አመለከቱኝ። ቀስ ብዬ፣ ፀጉር ያህል አዞርኩ። ደማቂው ቀነሰ፣ ፈዛዛው ጨመረ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ አንድ ሆኑ።

«ተስማሙ» አሉ።

ድምፄን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ማታ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እራት እያቀረቡ፣ በዚያው ሳጥን ጋሽ ሻንቆ የጥሪ ስማቸውን ላኩ። ከብዙ ሹክሹክታና ጩኸት መካከል አንድ ሽማግሌ መለሰላቸው። ከውቅያኖስ ማዶ፣ ክረምቱ የእኛ በጋ ከሆነበት አገር ነበር። የሚጠቀሙት ኃይል ስንት እንደሆነ ጠየቃቸው። ነገሩት፤ የአንድ ክፍል አምፖል የማያበራ ኃይል ነው። ሰውየው ድገሙልኝ አለ። ደገሙለት። እኔ ወጥቼ አንቴናውን አየሁት። ሁለት ባሕር ዛፍ፣ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ሽቦው ላይ አንዲት ወፍ።

ሦስተኛውን ሳጥን የወሰድነው ከጨንቻ በላይ ወዳለ አንድ ጤና ኬላ ነው። እዚያ የምትሠራው ሲስተር ብርሃኔ የምትባል ቆፍጣና ነርስ ነበረች። በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሁሉ ነገር ደረቅ። ሳጥኑ ድንቅ ሆኖ ሠራ። ከሳጥኑ እስከ አንቴናው ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አራርቀው የሚይዙትን መለያያዎች ከባሕር ዛፍ ፈልጠን ነበር የሠራናቸው፤ ካፓሲተሮቹም የተቀመጡት በእንጨት ጣውላ ላይ ነው። ሲስተር ብርሃኔ አርባ ምንጭን አጠገቧ እንዳለ አድርጋ ስታናግር ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ከዚያ ክረምት ገባ፤ ጉሙም ወረደ። የደጋውን ጉም ለማያውቅ ሰው መግለጽ ያስቸግራል። ዝናብ አይደለም፤ ግን ልብስ ውስጥ፣ እንጀራ ውስጥ፣ እንጨት ውስጥ ይገባል። አንድ ጠዋት በመደበኛው ሰዓት ሲስተር ብርሃኔ ጠራችን። «ማርታ» የሚለው ደረሰኝ፤ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ጠራች። የቃል መጀመሪያ ይደርሳል፣ ቀሪው ይቆረጣል። እኔ ጮክ ብለሽ ተናገሪ አልኳት። እሷም ጮኸች፤ ጭራሽ ጠፋች። ጮክ ባለች ቁጥር ድምፅዋ ይበልጥ ይቆረጣል። ጠዋቱ በዚህ አለቀ። እሷ እኛን በደንብ ትሰማለች፤ እኛ ግን እሷን አንሰማም።

ጋሽ ሻንቆ ከስብሰባ ሲመለሱ ማዳመጫውን ተቀብለውኝ እንደ ልማዳቸው ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ «ሲስተር፣ በሹክሹክታ ንገሪኝ» አሏት።

በሹክሹክታ የተነገረው ሁሉ ደረሰ። «እናት… ምጥ ላይ ናት… ደም… መኪና ላኩ።»

መኪናው ወዲያው ወጣ። መንገዱ ጭቃ ነበር። እናቲቱን ወይዘሮ አማረችን ጨንቻ ሆስፒታል አድርሰው በሕይወት አተረፏት። ልጇ ግን አልተረፈም። ቀደም ብሎ መኪናው ቢሄድ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለኝ። ያን መልስ እስከ ዛሬ ይዤው እኖራለሁ።

በሳምንቱ ወጣን። ጋሽ ሻንቆ ሳጥኑን ከፈቱ። ጣውላው ላይ፣ ከአንዱ ካፓሲተር ወደ ሌላው፣ የቀጭን ዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር መስመር ተቃጥሎ ነበር። እንጨቱ ጉሙን ጠጥቷል። ድምፅ ሲበረታ ኃይሉ ይበረታል፤ ሲበረታ በእርጥቡ እንጨት ላይ ብልጭ ብሎ ይሻገራል፤ በተሻገረ ቁጥር ድምፁ ይሞታል። ሹክሹክታው ግን ለመሻገር አቅም ስላልነበረው ወደ ሰማይ ወጥቷል። ጋሽ ሻንቆ ጥቁሩን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ቆዩ።

«እንጨት ውሃ እንደሚጠጣ እናውቃለን» አሉ በመጨረሻ። «ጉሙን ግን ማን ጠየቀው?»

ከዚያ ወደ ወይዘሮ አማረች ቤት ለቅሶ ሄድን። እኔ ልቀር ፈልጌ ነበር፤ አይሆንም አሉኝ። በቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው ተቀምጧል። ጋሽ ሻንቆ ከባለቤቷ አጠገብ ተቀምጠው የሆነውን ምንም ሳይቀንሱ በጋሞኛ ነገሩት፤ ሬዲዮው እንደከዳ፣ ለምን እንደከዳ። ሰውየው አልተቆጣም፤ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ወይዘሮ አማረች ግን ከተኛችበት ቀና አለች። ከእሷ ቀጥላ ልትወልድ የደረሰች ጎረቤት አለቻት።

«ሳጥኑን ይዛችሁት ትሄዳላችሁ ወይስ ታድኑታላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

ጋሽ ሻንቆ እናድነዋለን አሏት።

ወደ ከተማ አልተመለስንም፤ ዶርዜ ወረድን። እዚያ እንደ ቀፎ የቆሙትን ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶች ያየሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ አዲስ አየኋቸው። ጉሙ ሲመጣባቸው ስንት ዘመን ኖረዋል፤ ውስጣቸው ግን ደረቅ ነው። ጋሽ ሻንቆ አንድ ቤት ሠሪ ሽማግሌ አግኝተው የትኛው ቀርከሃ፣ በየትኛው ወቅት የተቆረጠ፣ ውሃ እንደማይጠጣ ጠየቁ። ሽማግሌውም እኛ ምን ልናደርግበት እንደሆነ ጠየቁን፤ ስንነግራቸው ደስ ብሏቸው ከጓሮ የደረቀ አውጥተው ራሳቸው ፈለጡልን። ቀርከሃውን በሚያስፈልገን ልክ ቆራርጠን፣ ከማር አንጣሪዎች ሰም ገዝተን፣ በትልቅ ድስት ቀልጦ በሚፈላ ሰም ውስጥ ቀቀልነው። መጀመሪያ አረፋው ይንተከተካል፤ ከውስጡ እርጥበት እየወጣ ነው። አረፋው ሲያቆም ሰሙ ቦታውን ይዟል ማለት ነው። ጋሽ ሻንቆ ድስቱ አጠገብ ተቀምጠው አረፋውን ያዳምጡ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው።

የካፓሲተሩን ቅጠሎች አንድ እያለፍን አወጣን፤ ክፍተቱ ሰፋ። ጣውላውንም መለያያዎቹንም በሰም በተቀቀለ ቀርከሃ ተካን። ጤና ኬላው ተመልሰን ሳጥኑን ከገጠምነው በኋላ ጋሽ ሻንቆ ወደ ውስጥ አላስገቡትም። ክዳኑን ከፍተው ጉሙ ውስጥ፣ ደጅ ላይ አስቀመጡት፤ ሌሊቱን እዚያው አደረ። ጠዋት መዳቡ ላይ ጤዛው እንደ ዕንቁ ተደርድሯል። ሲስተር ብርሃኔን ጠርተው ባለሽ ድምፅ ሁሉ ጩኺ አሏት። አፈረች፤ ከዚያ የጤና ኬላውን ግድግዳ የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸች። አምፖሎቹ እኩል ደመቁ፤ አንድም ብልጭታ የለም። ከአርባ ምንጭ ተረኛው ጆሮዬን አፈነዳችሁት ብሎ መለሰ። ሲስተር ብርሃኔ ሳቀች፤ ቀጥላም ማልቀስ ጀመረች። የወይዘሮ አማረች ጎረቤት በሚቀጥለው ወር ጨንቻ ወለደች። መኪናውን የጠራው ያ ሳጥን ነው። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ በሰም የተቀቀለ ቀርከሃ አለው፤ ደጋ ላይ አንድም አልከዳንም።

ሞባይል ሲመጣ ሥራችን ቀስ እያለ ከሰመ። ጤና ኬላዎቹ ስልክ ያዙ፣ ጠዋት የሚጠራን ጠፋ፣ በመጨረሻም ክፍሉ ተዘጋ። ጋሽ ሻንቆ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ተመለሱ። እኔ ኮሌጅ ገባሁ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የተማሪ መሣሪያ አዘጋጅ ሆንኩ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ግን ጸጥታው ከበደኝ። ስለዚህ ብዙ ደጅ ጠንቼ ለኮሌጁ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣሁ፤ ሳጥኑንም በገዛ እጄ ሠራሁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኮሌጅ ሄጄ ከጋሽ ሻንቆ ጋር እንነጋገራለን። በስልክ መነጋገር እንችል ነበር። በስልክ ስናወራ ግን ስለ ጤናና ስለ ልጆች ነው፤ በሬዲዮ ስናወራ ስለ ሰማይ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ከባድ ዝናብ በጣለበት ክረምት፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ናዳ ወረደ። መንገዱን ቆረጠ፣ መብራቱን ወሰደ፣ የስልኩ ማማም አብሮ ጸጥ አለ። አርባ ምንጭ ላይ የሚታወቀው ናዳ መውረዱ ብቻ ነበር። የት፣ ስንት ሰው፣ ምን ያስፈልጋል፣ ማንም አያውቅም። እኔ ወደ ላቦራቶሪው ሮጥኩ። እንደማይሆን ልቤ ያውቃል፤ ግን ሬዲዮውን ከፈትኩ። በተለመደው የሞገድ ቦታችን ላይ ጥቂት ጩኸት ብቻ ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ድምፅ መጣ። የደከመ፣ ግን ጥርት ያለ። የጥሪ ስማቸውን ሙሉውን ተናገሩ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ አንድም ፊደል ሳይዘሉ።

በመካከላችን ተራራው ሁሉ ቆሟል። ድምፃቸው ግን ተራራውን አልነካውም። ዝቅ ብሎ ከተዘረጋ ሽቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰማይ ጣሪያ ይመለስና በሸለቆው ላይ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ሳይንሱን ለተማሪዎች ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። ያን ቀን ግን እርሳስ ይዤ የሚሉትን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ።

ጥቂት ቤቶች ተቀብረዋል፤ ሰዎች ተጎድተዋል፤ አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ ከባድ ስብራት አለባቸው አሉኝ። ከዞኑ የመጡ ኃላፊና ሐኪሞች አጠገቤ ቆመው የሚጠይቁትን እጠይቃለሁ፣ ጋሽ ሻንቆ የሚመልሱትን እነግራቸዋለሁ። መድኃኒት የያዙ ሰዎች ከአርባ ምንጭ ወጥተው ናዳው ጫፍ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር እንዲሄዱ ተወሰነ። የትኛው አፋፍ እንደሚከዳ፣ የትኛው ዳገት ድንጋይ እንደሆነ ጋሽ ሻንቆ ከአካባቢው ሽማግሌዎች እየጠየቁ ይነግሩናል። ከዚያኛው በኩል ደግሞ የቀዬው ሰዎች ቁስለኞቹን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መገናኛው ቦታ ወረዱ። በማግስቱ ተገናኙ። እናቲቱም ልጆቿም ተርፈዋል።

መንገዱ ሲከፈት ወጥቼ ጎበኘኋቸው። በር ላይ ጠበቁኝ፤ አርጅተዋል፤ ሰውነታቸው አልቋል። ወደ ጓሮ ወሰዱኝና አንቴናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። እንደማውቀው አልነበረም። አጥሯል፤ በግማሽ ገደማ። በቀኝ በኩል ያለው ትልቁ ጽድ በናዳው ወድቋል፤ ሽቦው አብሮት ተበጥሷል። በግራ በኩል ያለው ዛፍ ግን ቆሟል፤ እንከን የለበትም። በግራ በኩልም ሽቦው አጭር ነበር፤ ጫፉ ለስላሳ ተቆርጦ በገመድ ከዛፉ ጋር ታስሯል።

ግራውንም ናዳው በጠሰው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደህና ነበር» አሉኝ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ገባኝ። የተበጠሰውን ለማስረዘም ሽቦም፣ መሰላል የሚወጣ ሰውም በእጃቸው አልነበረም። አንድ ጎን ረጅም፣ አንድ ጎን አጭር ከሆነ ደግሞ መስመሩ ይጮሃል፣ ኃይሉ ይባክናል፤ ያቺ ትንሽ የባትሪ ኃይል ተራራውን አትሻገርም። ስለዚህ በዝናብ ውስጥ፣ ጎረቤቶቻቸው አፈር እየቆፈሩ ሳለ፣ ደህናውን ሽቦ ወስደው ከተሰበረው ጋር እኩል አድርገው ቆረጡት። ከዚያ ሳጥኑ ጋ ተቀምጠው አስማሙት።

አዲስ ሽቦ ይዤላቸው መጥቼ ነበር። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በእጃቸው መዘን አድርገው ክብደቱን አዩና መልሰው ሰጡኝ።

«እንዲህም ይሰማል፤ አንቺ ውሰጂው» አሉኝ።

አሁን ያ ሽቦ ሴቻ፣ ከቤቴ ጓሮ ላይ ተዘርግቷል። በስሜ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ሳጥኑን በረንዳ ላይ አስቀምጫለሁ። ትናንት እሑድ ነበር። ጋሽ ሻንቆ እንደ ሁልጊዜው የጥሪ ስማቸውን ሙሉውን ተናገሩ። የላይኛው ጉም ወፍራም ነው፣ የቤታቸው ጣሪያ እንኳ አይታይም አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸው እየደከመ ስለሆነ እሳቸው እኔን በደንብ እንደማይሰሙኝ፣ ግን እኔ እሳቸውን እሰማቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እሰማዎታለሁ ጋሽ ሻንቆ» አልኳቸው፤ ቀስ አድርጌ፣ ቃል በቃል። «አንድም ፊደል አልጎደለም።»